ጉድጓዱ አፍ ላይ የፈረምኩ ቀን

ያን ቀን ጠዋት... ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ እስክሪብቶ ይዤ የከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አዋሽ ሰባት ካለ መሥሪያ ቤት የተላክሁ፣ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላኝ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቦታው ከጭፍራ በላይ፣ ወደ ወሎ ደጋ የሚያያዘው ተራራ ሥር ያለ የመንግሥት ድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው። ጉድጓድ ስላችሁ የውሃ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ጎንበስ ብለው የሚገቡበት፣ ወደ ተራራው ሆድ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ዋሻ ነው።

ፎርሜ ላይ ሁለት ዋና ጥያቄዎች ነበሩ። ውስጥ ያለው አየር ለሠራተኛ ደህና ነው ወይ? ከጉድጓዱ የሚወጣው ጥቁር ውሃ የአፋሮቹ ግመልና ፍየል ወደሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳል ወይ?

የሁለቱም መልስ ፊት ለፊቴ ነበር። ወደ ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተር ከተበላሸ ሦስት ቀኑ ነው፤ በነዚያ ቀናት ማንም አልገባም። ውሃውም ዓይኔ እያየ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

«ጓድ፣ ሞተሩ ሳይጠገን ሰው መግባት የለበትም» አልኩት የማውጫውን ካድሬ። ረጅም፣ ካኪ የለበሰ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ዝግታው ነው።

«ለአብዮት በዓል እንግዶች ይመጣሉ። ኮታው ደግሞ አልሞላም» አለኝ።

«ደንቡ ግን...»

«ምርት ማስቆም ምን እንደሚባል ታውቃለህ ጓድ?»

አውቃለሁ። የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። ከቢሯችን አንድ ሰው በዚሁ ቃል ተወስዶ... አልተመለሰም። ወንበሩ ላይ ለወራት ማንም ደፍሮ አልተቀመጠም።

እምቢ አልኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር... ግን ፈረምኩ። አየሩ ደህና ነው፣ ውሃውም ችግር የለበትም ብዬ!

ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ግቡ!»

ማንም አልተነቃነቀም።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው አያ ሰይድ ብድግ አሉ። ከየጁ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆፍሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አልሃምዱሊላህ! ደህና ነው ተብሎ ከተፈረመማ እንገባለን» አሉ። «ግን የፈረመና ያስፈረመ ይቅደም። እኛ እንከተላለን።»

ሠላሳ የሚሆን ሰው ያየናል። ካድሬው ሊስቅ ጀመረ... ሳቁን ግን አልጨረሰውም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። እኔማ ምን አፍ አለኝ? ፊርማዬ ኪሱ ውስጥ ነው።

አያ ሰይድ ረጅም ገመድ አምጥተው የሁለታችንንም ወገብ አሰሩ፤ ጫፉን ሠራተኞቹ ያዙት። ለእኔ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ብለው፣ «ፋኖሱን ወደ መሬት ዝቅ አድርገህ ያዝ። እሳቷን እያት» አሉኝ።

ገባን። እኔ ፋኖስ ይዤ ከፊት፣ ካድሬው ከኋላዬ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን እሳቷ አየር አንሷት አጠረች። ቢጫ የነበረችው ቀላች።

«ጓድ፣ እንመለስ።»

«እያዩን ነው። ቀጥል።»

የሚሸት ነገር የለ፣ የሚታይ ነገር የለ... የሚያስፈራው ይሄ ነው። አየር ያለ ይመስላችኋል፤ ትስባላችሁ፣ ግን ከደረት አይደርስም። ጥቂት እንደጨመርን እሳቷ የጤፍ ፍሬ አከለች... ጠፋች።

ጨለማ።

ከኋላዬ ያ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው «እማዬ...» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዘጭ የሚል ድምፅ። ልሸሽ ስዞር ሰውነቱ አደናቀፈኝና እላዩ ላይ ወደቅኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። በቃ፣ በገዛ ፊርማዬ ሞትኩ አልኩ በልቤ።

ከዚያ የሆነ ነገር ወገቤን ጨመደደኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ አየሁ። ፋኖሱ ሲጠፋ ከውጭ አይተው ሠላሳዎቹም ሰዎች ገመዱን ጎትተው ነው ያወጡን። ጀርባዬ በድንጋይ ተልጧል። አያ ሰይድ ፊቴ ላይ ውሃ እያፈሰሱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ። ካድሬው አጠገቤ ተንበርክኮ ያስመልሰዋል።

ማንም አልሳቀም።

ካድሬው ትንፋሹ ሲመለስ እጁን ኪሱ ከቶ ወረቀቱን አወጣ። አሁን ደግሞ ሌላው ፍርሃት መጣብኝ... በሐሰት የፈረምኩት እኔ ነኛ! ዘርግቶ አየው። ከዚያ ቀደደውና «ሌላ ፎርም አለህ?» አለኝ።

ነበረኝ። እውነቱን ጻፍኩ። ጉድጓዱ ሞተሩ እስኪጠገን ይዘጋ፣ ለጥቁሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ይቆፈርለት አልኩ። ካድሬው ከሥሩ ፈረመበት። ሞተሩ ደሴ ተጠግኖ እስኪመለስ ማንም አልገባም።

ከመሄዴ በፊት አያ ሰይድን ለብቻቸው አገኘኋቸው። «አየሩ መጥፎ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አሳምሬ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ፈገግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ብናገር አሻጥረኛ እባላለሁ። ጉድጓዱ ሲናገር ግን ማን ያስረዋል?»

አዋሽ ተመልሼም ለወራት መኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ለእኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ... ዛሬም የሊፍት በር ሲዘጋብኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።