ባለ ሰጎኗ ሰዓት ለምን ከእጅ ወረደች

የከተማ ሰዓት ነጋዴዎችን ስጠይቅ፣ ታላላቆቹ የሰዓት ስሞች የወደቁት የባትሪ ሰዓት ስለመጣ ወይም ርካሽ አስመሳይ ስለበዛ ነው ይሉኛል። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ውድቀት ግን ከሁለቱ አንዱም ምክንያት አልነበረበትም።

በንጉሡ ዘመን ጋይንት ውስጥ ሰዓት ማለት ባለ ሰጎኗ ነበረች። ፊቷ ላይ ትንሽ ሰጎን የተሳለባት፣ ጠርዟ በወርቅ የተለበጠ የባሕር ማዶ ሰዓት ናት። የፋብሪካውን ስም የሚያነብ ስላልነበረ በወፏ ጠራናት። መጀመሪያ ባላባቶቹ አሰሯት፤ ከዚያ ዳኞቹ፣ ከዚያ የንፋስ መውጫ ነጋዴዎች። ያሰራት ሰው በውርጭም ቢሆን ጋቢውን ከግራ ክንዱ ላይ ገልጦ ነበር የሚሄደው። አባቴም ለታላቅ ወንድሜ ሰርግ ብሎ፣ በሬ ሸጦ አንዷን ገዛ።

ሰርጉ ሳይደርስ የእርሻ ግብር ገማቾች የወንድሜ እጮኛ አገር ወደሆነው ወደ ስማዳ መጡ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ገብሱን አይተው ምርቱን ይወስኑ ነበር። ቅር ያለው እስከ ቀትር ወገዳ ከተማ ድረስ መጥቶ አቤት እንዲል ፈቅደዋል። ገበሬው ቀትርን የሚያውቀው በጥላው ነው። ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ሲደርስ የገማቾቹ አለቃ ግራ እጁን ያወጣና የሰዓቱን መስታወት በጥፍሩ መታ መታ ያደርጋል።

«አልፏል።»

ሌላ ቃል አይጨምርም። እሱም ባልደረቦቹም ያሰሩት ባለ ሰጎኗን ነበር፤ የሹም ሰዓት እሷ ነበረችና። እንዲህ ከተባረሩት አንዱ የወንድሜ እጮኛ አባት ነበሩ። ማሳቸው ሊያፈራ ከሚችለው በላይ ተጫነባቸው።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። «ሰዓቷ ምን አጠፋች? ያጠፋው ያሰራት ነው» አለኝ። አባባሉ እውነት ነበር። ስማዳ ውስጥ ግን እንዲህ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

በሰርጉ ዕለት ከሚዜዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የሙሽራዋ ወገኖች እንደ ወጉ የዳሱን በር ዘጉ። መዝጋቱ ጨዋታ ነው፤ ይሰድቡናል፣ እንመልሳለን፣ በመጨረሻ እንገባለን። በዚያ መሀል ወንድሜ ላቡን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ሰዓቷ ታየች። ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ገማቹ መጣ!» አለ የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም። «ደግሞ ምን ቀረን ብለህ ነው?»

«እህታችንንስ በስንት ገመትካት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ ቶሎ በሉ፣ እንዳያልፍብን!» አለች አክስቷ።

ሳቁ የጨዋታ ሳቅ አልነበረም። ዱላዎች ከትከሻ ወረዱ። የሙሽራዋ አባት ወጡና የወንድሜን ፊት ሳይሆን እጁን አዩ።

«ልጄን ለዚህ እጅ አልሰጥም። ያውልቃት፤ አለዚያ የመጣችሁበትን መንገድ ታውቁታላችሁ።»

አባቴ ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ። «በሬ ሸጬ የገዛሁለት ክብሩ ነው! ሰርቆ አላሰራትም!»

«ክብር? በዚች ክብር ነው እንደ ውሻ የተባረርኩት፣ አንተ ሰው!»

ወንድሜ ማሰሪያዋን ፈትቶ ለአባታችን ሰጠው። አባቴ ኪሱ ቢከታት ነገሩ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ሰው ሁሉ እያየ በራሱ ግራ እጅ ላይ አሰራት። እኛ ገባን፤ እሱን አላስገቡትም። በቃል ኪዳኑ ላይ አጎታችን የአባትን ቦታ ያዘ። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ከበቅሎዎቹ ጋር ዋለ፤ አንድ ጉርሻ የላከለት የለም።

ሙሽራዋ ቤታችን ገባች። በአገራችን አዲስ ምራት አማቷን አታናግርም፤ ከማዕድ በፊት ግን እጁን ታስታጥባለች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትቀርብ አባቴ ሁለት እጁን ዘረጋ። ውሃውን በቀኙ ላይ ብቻ አፈሰሰችና አቆመች። አባቴ ሰዓቷ ያለችበትን ግራውን እንደዘረጋ ጠበቀ። እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጠበቀች።

«እህሉ ቀዘቀዘ እኮ» አለች እናቴ።

አባቴ ግራውን ሰብስቦ በቀኙ በላ። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ።

ክረምቱ ሲወጣ ሰዓቷን ሊሸጥ ንፋስ መውጫ ወረደ። ገበሬው «ገማቾች» እያለ ስለሸሻቸው ነጋዴዎቹ የራሳቸውን አውልቀው ነበር። ያኔ ሰዓቷን ለአባቴ የሸጠለት ነጋዴ ሳጥኑን ከፍቶ አሳየው፤ ያልተሸጡ ሰጎኖች ሞልተውታል። «እንኳን ያንተን የኔንም የሚያነሳልኝ አጣሁ። ስም የሌላትን ርካሿን ነው የሚጠይቁኝ» አለው።

ማታ ምራቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትቀርብ አባቴ ባዶ ግራ እጁን ዘረጋ። «አሁን ደስ አለሽ?» አላት።

እሷም ሰዓቷ ነጭ ምልክት በተወችበት ግራው ላይ ማፍሰስ ጀመረች። «ይብቃ» አላት። አላቆመችም። ሳፋው ሞልቶ ውሃው እግሩ ላይ እስኪወርድ፣ ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ አፈሰሰችበት።