ከአሰብ የመጣው ክሬን

አባቴን ከወልድያ ላወጣቸው ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ነገሩ ሲያጥር ይኸው ነው።

ያኔ መርሳ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ፍራሹን በአህያ ጭኖ፣ ልጁን አዝሎ፣ ወደ ውርጌሳና ወደ ደሴ ይጎርፋል፤ እኔ ግን ወደ ወልድያ በምትመለስ ባዶ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "እህቴ፣ ሰው ከእሳት ሲሸሽ አንቺ ወዴት ነሽ?" አለኝ። "አባቴን ይዤ ነገ እመለሳለሁ" አልኩት።

አባቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከአሰብ ወደብ መሀል አገር ተሳቢ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ወልድያ ያለው ቤታችን ገብተው ተቀመጡ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ስደርስ ወንበር በር ላይ አውጥተው የሚሸሸውን ሰው ያያሉ።

"ይነሡ አባዬ፣ እንሂድ።"

"የት?"

"መርሳ። እሱም ካልሆነ ደሴ።"

"በምን?"

"መኪና ካጣን ቀስ እያልን በእግራችን።"

"ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ኖሬ በስተርጅና በእግሬ አልሰደድም" አሉ። "አላህ የጻፈው እዚሁ ያገኘኛል።"

ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን አሮጊት፣ ጠርቼ አስለመንኩ። እሷ ራሷ "እኔም የስፌት መኪናዬን ጥዬ አልሄድም" ብላ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። እኔና አባቴ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተፋጠን ቀረን።

ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቱ በላይ ግን ተናድጄ ነበር። በእሳቸው እልከኝነት እስረኛ የሆንኩ መሰለኝ። ያለችንን ማሽላ እየቆጠብን በቀን ሁለቴ እንበላለን፤ በተረፈው ሰዓት እሳቸው ይሰግዳሉ፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀመር ነው ሲባል ስልኬን የምደብቅበት ቦታ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ከባዶ ጆንያዎች ሥር እጄ የነካው የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። አቧራውን ስጠርገው ክዳኑ ላይ የተሣለው ቀይ ክሬን ብቅ አለ።

አባቴ አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለሱ ከአንድ መርከበኛ የገዙት መጫወቻ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቀይና አረንጓዴ ብረቶች፣ የነሐስ ጎማዎች፣ አንድ ሙሉ ኩባያ ትንንሽ ቡሎንና ዳዶ። ብረቶቹን በቡሎን እያያያዙ ድልድይ ወይም መኪና ወይም ክሬን መሥራት ነው። የመጣው ለወንድሜ ነበር። እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ እኔ ስምንት። እሱ በካቻቪቴ ቡሎኑን ያዞራል፤ እኔ ደግሞ ዳዶው አብሮ እንዳይዞር ከኋላ በጣቴ ቆንጥጬ እይዛለሁ። "አንቺ ዳዶ ያዢ" ነበር ቃሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ ያዝኩ። ሣጥኑ ጓዳ እስኪጣል ድረስ አንድ ቡሎን እንኳ አዙሬ አላውቅም።

ስለዚህ ያን ቀን ሣጥኑን አቅፌ ወጥቼ፣ ይህን ክሬን ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። የምሠራው ሌላ ምን ነበረኝ?

ክዳኑን ለመክፈት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዝገቱ ብረቱን ከብረት አጣብቆታል። አሠራሩን የሚያሳየውን መጽሐፍ አይጥ በልታው የተረፈችው የመጨረሻዋ ገጽ ናት፤ እሷም ያለቀውን ክሬን እንጂ እንዴት እዚያ እንደሚደረስ አታሳይም። ዝገት በሎሚ እንደሚለቅ አውቃለሁ። መርሳ ቢሆን ሎሚ በየጓሮው ወድቆ ይበሰብሳል፤ ወልድያ በዚያ ሰሞን ለመድኃኒት እንኳ አልተገኘም። በአሸዋና በአመድ ፈተግሁ። ጣቶቼ ተላጡ፤ ቀይ ቀለሙ ከዝገቱ ጋር አብሮ እየተነሣ ብረቶቹ መልካቸውን አጡ። በአራተኛው ቀን ቡሎኖቹ አልላቀቅ ሲሉኝ፣ ከቀረችን ዘይት ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ቀድቼ ዘፈዘፍኳቸው።

አባቴ አሽትተው መጡ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቡሎን ነው።"

"ሰው ለወጡ ጠብታ ዘይት አጥቶ አንቺ ብረት ታጠጫለሽ?"

ዘይቱ መልሶ ለወጥ አይሆንም፤ ዝገት ጠጥቷል። ያን ሳምንት ሽሯችንን በውኃና በጨው በላን። በእያንዳንዱ ጉርሻ ያዩኛል፤ እኔ ሳህኑን አያለሁ።

ቡሎኖቹ ግን ተላቀቁ። ሲላቀቁ ደግሞ አባቴ ተጠጉ። መጀመሪያ ከሩቅ ቆመው "ያ ተገልብጧል" አሉ። ቀጥሎ ወንበራቸውን ሳቡ። በሳምንቱ ከአልጋቸው ሥር የመፍቻ ሣጥናቸውን አወጡ፤ ከሹፌርነት ዘመናቸው የቀራቸው ንብረት እሱ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ መፍቻ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ካቻቪቴውን ይዘው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡና ያለ እኔ ፈቃድ መግጠም ጀመሩ። እኔ ያቆምኩትን ያፈርሳሉ፣ እሳቸው ያቆሙትን እኔ አፈርሳለሁ። ከባድ መሣሪያ ከወዲያ ማዶ ሲያጓራ ቡሎኖቹ ኩባያው ውስጥ ይንጫጫሉ፤ እኛ በየትኛው ቀዳዳ ይግባ ብለን እንከራከራለን።

የክሬኑ ክንድ ብቻ ተሠርቶ ሳለ ፈታሾቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ስልኬን በማሽላው ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ እሱን አላዩትም። ያዩት ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ቀጭን ረጅም የብረት ክንድ ነው።

"አንቴና ነው" አለ አንደኛው።

"መጫወቻ ነው" አልኩ።

"ልጅ አላችሁ?"

"የለም።"

"ታዲያ ማነው የሚጫወትበት?"

"እኔ።"

ያላገጥኩበት መስሎት ፊቱ ተቀየረ። ክዳኑን አንሥቼ ሥዕሉን አሳየሁት። ሥዕሉን አየ፣ ክንዱን አየ፣ ደግሞ ሥዕሉን አየ።

"አይመሳሰልም" አለ።

እንዲያ ፈርቼ እንኳ ከልቤ ተናደድኩ። አንድ ወር ሙሉ የደከምኩበትን ነገር!

አለቃ የሚመስለው ክንዱን በእጁ መዘነና መልሶ አስቀመጠው። ኩባያውን ግን ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ግቢ አውጥቶ ገለበጠው። ቡሎኖቹም ዳዶዎቹም አፈር ውስጥ ተበተኑ። ሲወጡ የአባቴን የመፍቻ ሣጥን ይዘው ሄዱ። አባቴ "እሱን ተዉልኝ ልጆቼ፣ ሌላውን ውሰዱ" አሉ። ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ሁለት ቀን የግቢውን አፈር በወንፊት ነፋሁ። አብዛኛውን አገኘሁ፤ የቀረውን የጎረቤት ዶሮዎች ውጠውት ይሁን ሰው ረግጦት አላውቅም። አባቴ አልጋቸው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ምግብ እንኳ በግድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ መጣችና ከበርበሬ ዕቃዋ ውስጥ የደበቀቻትን የስፌት መኪና ካቻቪቴ አውጥታ ሰጠችኝ። ትንሽ ናት፤ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች፤ በነካኋት ቁጥር ያስነጥሰኛል። "ልጄ፣ አባትሽን በሥራ አስነሺያቸው" አለችኝ።

ተነሡ። መሣሪያቸውን ያጣ ሰው ግን ጠባዩ ይከፋል። ካቻቪቴዋን ከእጄ ቀሙኝና ክንዱን ከመቆሚያው ጋር ሊያጋጥሙ ጎንበስ አሉ። ቡሎኑ በያዙት ቁጥር ይወድቃል። በሦስተኛው ሳያዩኝ፣

"ነይ፣ አንቺ ዳዶውን ያዢ" አሉኝ።

ዳዶውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። "አልይዝም!" አልኩ። "ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ዳዶ ስይዝ ኖሬአለሁ! ለወንድሜ ያዝኩ፣ አሁን ደግሞ ለእርስዎ! እርስዎን ላወጣ መጥቼ እዚህ የተቀበርኩት አንሶ! ለእኔ አንድ ነገር አምጥተውልኝ ያውቃሉ?"

በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ካቻቪቴዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዉዱእ አድርገው ሰገዱ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ "አሻንጉሊት አምጥቼልሽ ነበር" አሉ።

"መቼ?"

"ከክሬኑ ጋር። በአንድ ቀን። ፀጉሯ ቢጫ፣ ዓይኗን የምትጨፍን።"

"አላስታውስም።"

"እንዴት ታስታውሺያት። በሳምንቷ አንገቷን ቆርጠሽ ራሷን የክሬኑ ጭነት አደረግሻት። እናትሽ ልትገርፍሽ ስትል፣ ተያት፣ ይቺ ልጅ የምትወደው ብረት ነው ብያት ነበር። ብዬ ግን ለአንቺ ሌላ አልገዛሁም። መንገድ ላይ ነበርኩ። ረሳሁት።"

ለሠላሳ ዓመት የያዝኩት ቂም አልወጣልኝም፤ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ መቆምም አቃተው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ እጃቸው ወደ ብረቱ እንዳይሄድ። አፋቸውን ግን የሚያስር አልተገኘም። "ከታች ጀምሪ።" "አታጥብቂው፣ ሁሉም ይግባና ነው የሚጠበቀው።" ልክ ሲሆኑ የበለጠ እናደዳለሁ። የጠፉትን ቡሎኖች በሽቦ ተካሁ። ለገመድ መጠቅለያው የሚሆነው ቁራጭ ስላልነበረ ከልብስ ሰፊዋ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ለመንኩ። ክሬኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ቆመ። እጀታውን ሳዞረው ሲጢጥ እያለ የአባቴን ቁልፍ ከመሬት አነሣ። ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። አባቴ ለረጅም ጊዜ አይተውት፣ "ጠማማ ነው፤ ግን ያነሣል" አሉ። ጠማማነቱ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ማንሣቱን የረሳሁት ያህል።

ከወራት በኋላ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ወጡ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ወንድሜ ዘይትና ስኳር ተሸክሞ ከአዲስ አበባ መጣ። አባታችንን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲረጋጋ ክሬኑን አየው።

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ክንዱ ጠማማ ነው።"

"አውቃለሁ።"

በነጋታው ልጃቸው ለሞተባቸው ጎረቤቶች ለቅሶ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን የሚደረሰው ለቅሶ ብዙ ነበር፤ ውዬ ተመለስኩ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ክሬን የለም። ወንድሜ በብረት ቁልል መሀል ተቀምጧል። አባቴ ተኝተዋል።

"አፈረስከው?"

"መቆሚያው ነው የተሳሳተው። በአንድ ሰዓት ቀጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ፣ ታያለሽ።"

በአንድ ሰዓትም አልመለሰው፣ በሁለት ቀንም። ከመሥሪያ ቤቱ ተደውሎ በአስቸኳይ ና ሲባል ቁልሉን ትቶ ሄደ። አልጮህኩበትም። ከለቅሶ ቤት ተመልሶ ስለ መጫወቻ ማልቀስ ያሳፍራል። ሰው ልጁን ቀብሮ ዝም ባለበት ሰፈር እኔ ምን ብዬ? ንዴቴን ዋጥኩት። ወንድሜ ሲሄድ አባቴ ቁልሉን አይተው "ላ ሐውለ፣ ኃይሉ የአላህ ነው" ብቻ አሉ፤ ብረቶቹንም አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሱልኝ።

ሣጥኑን ይዤ መርሳ ተመለስኩ። የተከራየኋት ክፍል በሯ ተገንጥሏል፤ የትምህርት ቤታችን ወንበሮች ተማግደዋል። ተማሪዎቼ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በግማሽ ጥቁር ሰሌዳ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ክሬኑን እሠራለሁ። በዚህ ጊዜ ሎሚ ሞልቶልኛል፤ የሚያዘኝም የሚቀማኝም የለም። ዳዶውን በግራ እጄ ይዤ ቡሎኑን በቀኝ አዞራለሁ። ወልድያ ወራት የፈጀብኝ በአራት ቀን አለቀ።

ደረጃ ደረጃውን ጠብቄ፣ ከታች ጀምሬ፣ መጨረሻ ላይ አጥብቄ ነው የሠራሁት። እንደገና ወደ ግራ ዘነበለ። በንዴት አባቴ ጋ ደወልኩ።

"አሁንም ጠማማ ነው አባዬ! ሁሉንም እንዳሉኝ አድርጌ!"

"ብረቱ ራሱ ጎብጦ ይሆናላ፤ እሱም አርጅቷል" አሉ። ከበስተጀርባቸው የልብስ ሰፊዋ መኪና ሲንኳኳ ይሰማል። "አታፍርሺው። ተሳቢ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ምን እናደርግ ነበር መሰለሽ? ጭነቱን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነው። አንቺም ወደ ቀኝ ጫኚበት።"