የቡና ውሃ ያባረረው አዞ

ጅማ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው አዞ የሚፈራበት ምክንያት የለውም። የእኛ አወቱ ወንዝ ከፌስታልና ከአሮጌ ጫማ በቀር የሚያመላልሰው ነገር የለም፤ ክረምት ሲሞላ ትንሽ ይቆጣና መልሶ ይረሳዋል። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ቁጭ ብዬ ስለ አዞ ሳወራ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ቀሚስ ልትለካ የመጣች አንዷማ «ጅማ ቁጭ ብለሽ የጎጀብን አዞ ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። እፈራለሁ። የምፈራው ግን ለራሴ አይደለም።

እናቴ የሞተችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ያሳደጉኝ ታላቅ እህቷ ናቸው። ከሸቤ ከተማ አለፍ ብሎ መሬቱ ወደ ጎጀብ ወንዝ መውረድ ሲጀምር፣ ቡናው መሃል አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለቻቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዳማና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እሳቸው ግን ከቡናቸው ንቅንቅ አይሉም። እኔ አርባን አልፌ፣ ፀጉሬን ሂና እየቀባሁ ሽበቴን ስደብቅ፣ ዛሬም «ኢንተላ» ብለው ይጠሩኛል። ልጅት ማለታቸው ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልቀረኝም፤ የቀሩኝም ሰው በየቀኑ አዞ ያለበት ወንዝ ይወርዳሉ። ፍርሃቴ ይኸው ነው።

አክስቴ ከአዞው ጋር የኖሩት በሥርዓት ነው። ናቻ ይሉታል፣ በኦሮምኛ። አይሰድቡትም። «እሱም የአላህ ፍጥረት ነው። ውሃው ቤቱ ነው፣ እንግዶቹ እኛ ነን» ይላሉ። እንግዳ ደግሞ ሳያንኳኳ አይገባምና ከበራቸው ጀርባ ረጅም ዱላ አቁመዋል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ «ቢስሚላህ» ብለው በዱላው ውሃውን ይመታሉ። ቆም ብለው ያያሉ። ከዚያ ጀሪካኑን በገመድ አስረው ከዳር ይጥሉታል። እግር ውሃ አይነካም። ትናንት በቀዱበት ቦታም ዛሬ አይቀዱም።

«ናቻ ከሰው የበለጠ ትዕግሥት አለው፣ ኢንተላ። ልማድሽን ካወቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል» ይሉኛል።

ትንሽ ከፍ ካልኩ በኋላ መቀለድ አበዛሁ። ውሃውን ሲመቱ ሳይ «አክስቴ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እላቸዋለሁ።

«እኔስ የምፈልገው እንቦጩን አይደል?» ብለው ደግመው ይመቱታል።

ይህ ሥርዓት በዓመት አንድ ጊዜ ይፈታ ነበር፤ ቡና ሲደርስ። ከመንደሩ በላይ ቡና ማጠቢያ አለ። ቀዩ ቡና መለቀም ሲጀምር የማጠቢያው ፍሳሽ በአንዲት ቀጭን ጅረት ይወርድና ሰው ውሃ ከሚቀዳበት መልካ ትንሽ ከፍ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። መልካው ያኔ ይጠቁራል፣ እንደ ኮመጠጠ ነገር ይሸታል፣ ትንንሽ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እንኳን ሊጠጡት እግር ሊታጠቡበትም ያስጠላል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጅረቷ ከምትገባበት በላይ፣ ውሃው ኩል መስሎ ወደሚተኛበት።

በዚያ ወቅት ዱላ የሚይዝ አልነበረም። የቡና ውሃ ናቻን ያባርረዋል ይባላል። ሽማግሌው ያምናል፣ ሕፃኑ ያምናል፣ አክስቴም ያምናሉ። ማስረጃም አላቸው፤ ቡና በሚታጠብበት ወቅት መልካው ላይ አዞ አየሁ ያለ ሰው የለም። ክረምቱን ሙሉ ከዳር ሆነው በገመድ ሲቀዱ የከረሙ ሴቶች ያኔ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ላይኛው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ይገባሉ። ጆንያ ያጥባሉ፣ ይተማማሉ፣ ይረጫጫሉ። እኔም ለለቀማ በሄድኩ ቁጥር ጫማዬን አውልቄ እግሬን እነክራለሁ። ዓመት ጠብቄ የማደርጋት ድፍረቴ እሷ ነበረች። ደስ ትለኛለች፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሱቄን ዘግቼ ለለቀማ ሄድኩና ከአሱር ሰላት በኋላ ከአክስቴ ጋር የቡና ማስጫውን ሸራ ልናጥብ ወደ ላይኛው ውሃ ወጣን። ሌሎቹ ሴቶች ታጥበው ሄደዋል። ሸራው ሰፊ ነው፣ ሰማያዊ፣ ያለፈው ዓመት የቡና ቆዳ የደረቀበት። እዚያ አገር ሸራ የሚታጠበው ውሃው ላይ ተዘርግቶ ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ሦስተኛውን ጫፍ ወንዙ እንዳይወስደው አንድ ሰው እጁ ላይ ጠምጥሞ ይይዛል፤ ሌላው ሰው ይፈትጋል። አክስቴ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጫፉን ግራ እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። እኔ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ነክሬ፣ በመጥረጊያ እፈትጋለሁ።

ስለ ምን እናወራ እንደነበር አስታውሳለሁ። የአዳማው ልጃቸው ሚስት ልትወልድ ደርሳ ነበርና ስም እንዲያወጡላት ጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «እኔ ባወጣሁት ስም መቼ ሊጠሩት» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ሸራው መሃሉ ላይ ተነሣ። ኩፍ እንዳለ ሊጥ ቀስ ብሎ አበጠ። መጀመሪያ አየር የገባበት መሰለኝ፤ አየሩን ላስወጣ በመጥረጊያው ጫን ልለውም እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ እብጠቱ ሄደ። ወንዙ በሚወርድበት በኩል አይደለም የሄደው፤ ወደ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ ሸራው» አልኩ።

ነገሬን ሳልጨርስ ድንጋዮቹ ተንሸራተው ወደቁ፣ አክስቴም በግራ እጃቸው ተጎተቱ። አልጮሁም። ወገባቸው ድረስ ገብተው እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው ቆሙና ዞረው አዩኝ። ያሉኝ አንድ ነገር ነው።

«ውጪ። ከውሃው ውጪ፣ ኢንተላ።»

ሰው ስለ ጀግንነት ሲጠይቀኝ አፍራለሁ፤ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ውሃው ወገቤ ላይ ሲደርስ ነው መግባቴን ያወቅሁት። አንድ እጄን ወገባቸው ላይ ጠመጠምኩ፣ በሌላው የሸራውን ጫፍ ፈለግሁ። ሸራው ክር ሆኖ ተወጥሯል፣ እንኳን ሊፈታ ጣት አያስገባም። የዕድሜ ልክ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስንት ቋጠሮ ፈትቻለሁ፤ ያቺን ዙር ግን መፍታት አቃተኝ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚባለው ትዝ ያለኝ እዚያ ውሃ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ተናደድኩም። ከዚያ ከታች ያለው ነገር ዞረ መሰለኝ ሸራው ለቅጽበት ላላ። ያኔ ጫፉን መንጭቄ አወጣሁት። የእኔ ጉልበት አይደለም፣ እንስሳው ስለዞረ ነው። ሰማያዊው ሸራ ድምፅ ሳያሰማ ውሃው ውስጥ ገባና ውሃው ተመልሶ ተኛ።

አዞው አክስቴን ፈልጎ ይሁን፣ ወይስ ተኝቶ ሳለ ሸራውን እላዩ ላይ ዘርግተንበት ጥርሱ ውስጥ ገብቶበት ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። እኔ ያየሁት አፍንጫውን ብቻ ነው፤ ማዶ ዳር ላይ፣ በኋላ፣ ሁለታችንም ከውሃው ወጥተን ሣሩ ላይ ስንቀመጥ።

የአክስቴ የእጅ አንጓ ቆዳው ተልጦ ነበር፣ ትከሻቸውም ወልቋል። ወጌሻ መጥቶ ሲያስገባላቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ እኔ እያዩ ነበር። ማታውን ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ግቢውን ሞላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልላቸው ነበር፤ ግን ሻይና ስኳር ይዘው ነው የመጡትና አፌን ዘጋሁ። ሰው የየራሱን ይናገራል። አንዱ ጎረቤት «ዘንድሮ የቡናው ውሃ ቀጥኗል፣ ለዚህ ነው ያልሸሸው» አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ።

አክስቴ ተጋድመው ሲያዳምጡ ቆዩና በደህና እጃቸው ቀና አሉ።

«ሸሽቷል እንጂ። እሱስ ሸሽቷል። ዓሣው ወደ ንጹሁ ውሃ ወጣ፣ እሱም ዓሣውን ተከትሎ ወጣ፣ እኛም ጀሪካናችንን ይዘን ወጣን። ተባረረ አልን እንጂ ወዴት ተባረረ ብሎ የጠየቀ የለም» አሉ። ስንት ዓመት፣ ስንት ሴት፣ ስንት ሕፃን እዚያ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ሁሉም በልቡ ያሰበ ይመስለኛል። እኔ ግን የነከርኩትን እግሬን ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። በቡና ወቅት ዱላው አይቀርም፤ ሸራ የሚታጠበው ውሃ ተቀድቶ ግቢ ውስጥ ነው። አክስቴ ደግሞ በራሳቸው አንድ ጨመሩ፤ ወንዝ ዳር ገመድም ይሁን ጨርቅ በእጅ ተጨብጦ ይያዛል እንጂ አይጠመጠምም። ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሁሉ ይናገራሉ፣ የተላጠውን አንጓቸውን እያሳዩ።

ወደ ጅማ እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ። ሱቁ ጀርባ ክፍል አለኝ፣ ቧንቧም አለኝ። «አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋ ቧንቧ» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ተቀየምኳቸው። ስለዚህ በለቀማ ወቅት እኔ ነኝ የምሄደው፣ ከበፊቱ ቀደም ብዬ፣ ከበፊቱም እየዘገየሁ እመለሳለሁ። ግራ ትከሻቸው ወደ ላይ አይሄድም፤ በአንድ እጅ ደግሞ ያ ረጅም ዱላ አይነሣላቸውም። ውሃውን የምመታው እኔ ሆኛለሁ።

ባለፈው ለቀማም አብረን ወረድን። ዳር ቆሜ «ቢስሚላህ» ብዬ መታሁት። እንቦጭ አለ። ቆም ብዬ አየሁ። ጀሪካኑን ልጥል ጎንበስ ስል ቀሚሴ ከኋላ ያዘኝ። ዞር ብዬ ሳይ አክስቴ የቀሚሴን ጫፍ ደህናው እጃቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመውታል።

«አክስቴ፣ ጨርቅ በእጅ አይጠመጠምም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሱን ያልኩት ለሸራ ነው» አሉኝ። «ቅጂ።»