የሐምሌ እንጉዳይ

ልጅ ሳለሁ እግሬ አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም ነበር። ምናልባት ቤት በየጊዜው ስለምንቀይር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡራዩ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዕቃችን ግማሹ ከማዳበሪያ ከረጢት አይወጣም፤ እናቴም በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ደግሞ ልቀቁ ሊሉን ነው?» እያለች ትደነግጣለች።

የዚያ ቤት አከራያችን ግን ለሌላ ጉዳይ አንኳኩተው አያውቁም፤ ጎመን ሊሰጡን ብቻ ነው። ኦቦ ደበሌ ዕድሜያቸውን ለመንገድ ሠራተኞች ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ማድቤቱን ለማንም አያስነኩም። ገበያ የሚወርዱት ለጨው፣ ለዘይትና ለሽንኩርት ብቻ ነው። ሌላው ከጓሯቸው ወይም ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ይመጣል፤ በክረምት ሳማና ጎመን፣ በጥቅምት የባቄላ እሸት፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቀጋ።

ያኔ ክረምት በመጣ ቁጥር መብራት ስለሚጠፋ፣ እኔና የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናቲ አመሻሹ ላይ እሳታቸው ዳር እንቀመጥ ነበር። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፤ ኩራዙ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያስረዝመዋል። እሳቸውም ድስቱን እያማሰሉ ተረት ይነግሩናል። ችግሩ፣ ተረቱ የሚያልቀው ድስቱ ሲወርድ ነው። እኔ «እሺ ከዚያስ?» እያልኩ እቁነጠነጣለሁ። እሳቸው «ቱሪ!» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ «ቆዪ» ማለታቸው ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ ካደረ በኋላ፣ ከኮረብታው በባርኔጣቸው እንጉዳይ ይዘው መጡ። አንድ በአንድ አገላብጠው እያዩ ጠረጉና በሽንኩርትና በቃሪያ ይጠብሱት ጀመር። ስለ ጅብና ስለ ጦጣም ያወሩን ጀመር። ጦጣ ከጫካ እንጉዳይ ለቅማ ስትበላ ጅብ ተደብቆ ያያታል። መጠየቁን ስለናቀ፣ በማግሥቱ ብቻውን ሄዶ ስልቻውን ይሞላል። ተረቱ እዚህ ሲደርስ የተጠበሰውን ቀመስን። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። ወዲያው መብራት መጣና የቤታችን ቴሌቪዥን ጮኸ። ብድግ አልኩ።

«ቱሪ፣ ማሎ፣ እባክሽ! ዋናው ገና ነው።»

«ነገ ይነግሩኛል!» ብዬ ናቲን እየጎተትኩ ሮጥኩ።

በማግሥቱ አባቴ ከተማ ሥራ ላይ፣ እናቴ ገበያ ነበሩ። ናቲን እንድጠብቅ ተነግሮኝ ነበር። ቁጭ ማለት ግን አልቻልኩም፤ እጁን ይዤ ኮረብታውን ወጣሁ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ኦቦ ደበሌ ካመጡት የሚበልጥ፣ ነጭና የሚያምር እንጉዳይ አገኘሁ። በቀሚሴ ታቅፌ ተመለስኩና እሳቸው እንዳደረጉት በሽንኩርት ጠበስኩት። «ጎበዝ» እንዲሉኝ ቸኩዬ ስለነበር ለእሳቸው ድርሻ አስቀምጬ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላሁ። ናቲ ግን እየሳቀ ሳህኑን ጠረገው።

ወደ ማታ ያስመልሰው ጀመር። እናቴ ስትመጣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። እኔም ሆዴን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። ጩኸቷን ሰምተው ኦቦ ደበሌ ደረሱ። ለእሳቸው ያስቀመጥኩትን ድርሻ ከፍተው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ለሐኪም ሊያሳዩት በወረቀት ጠቀለሉት፤ ናቲን አቅፈው፣ ባጃጅ አስቁመው ጤና ጣቢያ አደረሱን። ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ላኩን።

እኔን በማግሥቱ ተሻለኝ። ናቲ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ ሌላ ቀን ጨመረ። እናቴ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ስመላለስ ኦቦ ደበሌ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ።

«ኦቦ ደበሌ፣ ጅቡ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ጅቡ ያየው ጦጣ የምትለቅመውን ነው። ትታ የምታልፈውን አላየም። ወስዶም መጀመሪያ ለልጆቹ አበላ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለችኩል ልጅ ተረት ከመጨረሻው ነው የሚጀመረው።»

«የእኔ ነው» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ከክፍሉ በር ላይ ሆና ሰማችን። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ግን አልነካችኝም።

በሦስተኛው ቀን ናቲ ዓይኑን ገልጦ ዳቦ ጠየቀ። በዓመቱ ያንንም ቤት ለቀቅን። ስለዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ዳግመኛ ያነሳ ሰው የለም።

ናቲ ዛሬ ሱሉልታ ይኖራል። በተከራየው ጨለማ ክፍል፣ በጭድ ላይ እንጉዳይ አብቅሎ ለሆቴሎች ያቀርባል። ባለፈው ክረምት ጠርቶኝ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሶ አቀረበልኝ።

«እህቴ፣ ይገርምሻል» አለኝ፣ «ወደዚህ ሥራ የሳበኝ አንድ ጣዕም ነው። ሕፃን ሳለሁ የሆነ ቦታ የበላሁት ይመስለኛል። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሳላቋርጥ፣ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ነገርኩት። ምግቡ ቀዘቀዘ። ስጨርስ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ብዪ» አለኝ፤ በላሁ። ይቅርታው ይሁን ረሃቡ፣ ጣፈጠኝ። ከእነዚያ የጭስና የኩራዝ ምሽቶች ግን ከተረቶቹ ይልቅ እኔ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ የናቲ ስልክ ያለ ሰዓቱ በጠራ ቁጥር፣ ሳላነሳው ልቤ ተነሥቶ ይሮጣል።