ለጌቶች የተቀቀለ እንጨት

ባለፈው እሑድ ልጄ ከእንጦጦ ጫካ የወደቀ የወይራ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ለድመታችን መቧጠጫ መሆኑ ነው። ቅርፊቱ ሥር ነቀዝ ሲርመሰመስ አየና ፍሊት ሊነፋበት ተነሣ። "ተው! ድመት የቧጠጠበትን እግር መልሶ ይልሳል፤ ልትገድለው ነው? ግንዱን ቀቅለው!" አልኩት። "እማዬ፣ እንጨት ይቀቀላል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይቀቀላል እንጂ! እኔ እንጨት ቀቅዬ ሰፈር አስለቅሻለሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን እንደ በርበሬ የሚፋጅ። ክር የሚበሉትን አይጦች እንዲያድንለት ድመት አመጣና ስሙን "ጌቶች" አለው፤ ከሁላችን ቀድሞ በልቶ ከሁላችን ዘግይቶ ይነሣ ነበርና። ጌቶች ግን አይጡን ትቶ ጥፍሩን ድሩ ላይ መሳል ጀመረ። አንድ ቀን ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ ድር በጣጥሶ ጠበቀን።

"ወይ እሱ፣ ወይ እኔ!" ብሎ ጮኸ አባቴ። "እስከ ቅዳሜ መላ ካላበጀሽለት ዊንጌት ላለችው እህቴ እሰጠዋለሁ!"

አክስቴ ደግሞ ድመት የሚያሳድድ ውሻ አላት፤ አመሉም እንደሷ ነው። አለቀስኩ። ጌቶችን እንደ ነፍሴ ነበር የምወደው።

የራሱ እንጨት ቢኖረው ድሩን ይተዋል ብዬ ከዳገቱ የወደቀ ወይራ ጎትቼ አመጣሁ። በማግስቱ ከሥሩ እንደ በሶ የደቀቀ ዱቄት ተከምሮ ተገኘ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና "ብል!" አለ።

"ኧረ አባዬ፣ ነቀዝ ነው። ብልማ የልብስ ነው።"

"ሸማኔ ቤት የገባ ነፍሳት ሁሉ ብል ነው! ነጭ ጋዝ አርከፍክፊበት፤ አለዚያ ውጭ!"

ነጭ ጋዝ ደግሞ ጌቶችን ይመርዘዋል። መቀቀል አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

ግንዱን የሚችል ግን ከእድሩ ትልቅ ድስት በቀር አልነበረም። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከአባቴ ጋር በአጥር ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል። ደግነቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ ልጃቸው "ለምን?" እንኳ ሳትል አወጣችልኝ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ እሳቴን እንዳያጠፋው ግቢው ውስጥ ሸራ ወጠርኩ። ቅርፊቱን ልጬ፣ ግንዱን በመጥረጊያ ፈግፍጌ የፈላው ውኃ ውስጥ ከተትኩት። የማገድኩት እርጥብ ስለነበር ጭሱ ዓይኔን ደም አስመሰለው።

አስቡት እንግዲህ። የእድር ድስት ወጥቷል፤ ሸራ ተወጥሯል፤ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ አባትየው በጠዋት ጉንጩን ይዞ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወርድ ታይቷል። ጥርሱን ሊያስነቅል መሄዱን ማን ያውቃል?

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ፣ እያለቀሱ ግቢውን ሞሉት።

"ለማነው ልጄ? ንገሪን!" አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

ግራ ገብቶኝ "ለጌቶች ነው" አልኩ።

"ወይኔ ጌታው! ወይኔ ወንድሜ!" ብለው ደረታቸውን መቱ። "በአንድ ክንድ አጥር ተኳርፈን! አፉ ነው እንጂ ልቡ ማር! ያን የመሰለ ጥለት ከእንግዲህ ማን ይሠራልናል? ባሌ የታመመ ጊዜ ጋቢ ሠርቶ በሬ ላይ ጥሎልኝ የሄደ!"

የጋቢውን ነገር እኔም አላውቅም ነበር። "ኧረ እትዬ፣ ድመቱን ነው የምልዎት!" ብል ማን ይስማኝ።

ዘወር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ጥጥ ተጠቅጥቆበት፣ የራሱን ልቅሶ ያዳምጣል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ኋላ ሲጠየቅ ከጥርሱ ነው አለ። እትዬ ዘነቡ ዞር ብለው ሲያዩት "በስመ አብ!" ብለው እሳቱ ውስጥ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ድስቱን ከፍተው ግንዱን አዩ።

"አንቺ ልጅ፣ ስምሽን ቄስ ይጥራው! ሞተ ብዬ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ እኮ! አሁን እንዴት አድርጌ መልሼ ልጣላው?"

አባቴ ጥጡን ከአፉ አወጣና እየተንተባተበ "ስለ ጥለቱ ያሉትን... እስቲ ይድገሙልኝ" አለ። ሴቶቹ በዚያው ነጠላቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ፈረሱ።

ግንዱን እሳት ዳር አድርቀን ከድሩ አጠገብ አቆምነው። ነቀዝ የሚባል ዳግመኛ አልታየበትም፤ ጌቶችም ቧጥጦ ቧጥጦ የራሱ አደረገው። ቅዳሜ ስለ ዊንጌት ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቀው አባቴ "ሰፈር ያለቀሰለት ድመት አይባረርም" አለኝ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመኑ ነው። በልቅሶው ዕለት እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ተቀምጠው "እኔስ የቀረኝ ነገር የለም፤ በቁሙ ነግሬዋለሁ" አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ያጽናናኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ጨርሼ ስነግረው ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"አንተስ ስለ እኔ ምን ልትል ነው?" አልኩት። "አሁን በለው፤ ቆሜ ልስማው።"

አቀረቀረ፤ ጆሮው ቀላ። "ደግ ነሽ እማዬ" አለኝ በመጨረሻ። "ነገር ግን ታበዣለሽ።"

ቀባሪዬ ነው፤ እውነቱን በቁሜ ነገረኝ።