ለሰማይ የሰጠሁት አድራሻ

ሞኝነቴን አልደብቅም፤ ልጅ ሆኜ ራሴን ለሰማይ አስተዋውቄአለሁ።

ትናንት ቡራዩ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ገብቼ የጋለ አቧራ ሲሸተኝ የኦቦ ቶላ ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ። እዚያ ባየሁት አንድ ፊልም ላይ ከህዋ የመጣ ግዙፍ ነገር ከተማ ይውጣል። ኦቦ ቶላ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍም ስላነበቡት ፊልሙን እያቆሙ ያስረዱናል።

“ምን አድርገነው ነው እንዲህ የተቆጣን?” አልኳቸው።

“መች ተቆጣ? ጭራሽ አያውቀንም።”

ይሄ ከጭራቁ የባሰ አስፈራኝ። ካላወቀን ሳያየን ይረግጠናል ብዬ ወጣሁና በጠራራ ፀሐይ አንጋጥጬ ስሜን ከነአባቴ፣ ቀበሌያችንን ከነቤት ቁጥሩ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ኦቦ ቶላ በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። “ያ ዋቃዮ! አንተ ጅል፣ እስከዛሬ የተረፍነው እኮ ስለማያውቀን ነው!”

ይሄን ለጠጋኙ ልጅ ሳወራለት ከሥራው ቀና ሳይል፣ “ጋሼ፣” አለኝ፣ “አሁንም እዛው ቤት ናችሁ?”