ለዳኛው የተደወለ ስልክ

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጓደኞቼ በሙሉ የሚሳለሙት ግን ራቅ ብሎ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ አባዬን እዚያ ልውሰድዎት እያልኩ ስንትና ስንት እሑድ ለመንኳቸው መሰላችሁ። «መንገዱ ይጨናነቃል፣ እዚሁ ቅርባችን ታኮማ ፓርክ ያለው ይበቃናል» ይሉኛል። የሽማግሌ አመል ነው ብዬ ተውኳቸው።

አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስመልሳቸው የመኪናው ሬዲዮ ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያወራል። አባዬ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እንግሊዝኛው ሲፈጥን ግን ያመልጣቸዋል። እየነዳሁ ተረጎምኩላቸው። አንድ ዐቃቤ ሕግ የፕሬዚዳንቱ የሒሳብ ሰነድ ይቅረብልኝ ብሎ ነበር፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በሥልጣን ላይ እያለሁ አልነካም አሉ፣ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትም ቢሆኑ ከትእዛዝ አያመልጡም ብሎ ወሰነ። ራሳቸው የሾሟቸው ዳኞችም ተስማምተዋል አልኳቸው።

«ማንም አልደወለላቸውም?» አሉኝ።

ማን ይደውላል አባዬ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ለእኔ ተደውሎልኝ ነበር።»

ቤት እስክንደርስ ሁሉንም ዘረገፉት። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን የወሰደባትን ባለሥልጣን ከስሳ ነበር። ሰውየው ከፍዬ ገዝቼዋለሁ ስላለ፣ የባንክ ሒሳቡ ይቅረብልኝ ብላ አመለከተች። ውሸቱን የሚያጋልጥ ሌላ ምንም አልነበራትም። አባዬ ትእዛዙን ሊፈርሙ ብዕር ባነሱበት ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ ከበላይ እንዳይፈርሙ ታዘዙ። አልፈረሙም፤ ሴትየዋም ተረታች። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ልጇ ጋ ነው የምትኖረው። አባዬ አሜሪካ እንደመጡ እዚያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይተዋት፣ ሳይሳለሙ ተመልሰዋል። ወይ አባዬ! እኔ እኮ መንገዱ እውነት መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ እሑድ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

በወረርሽኙ የተዘጋው የአሌክሳንድሪያው ቤተ ክርስቲያን እንደተከፈተ፣ ራሳቸው ውሰጂኝ አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ሴትየዋን አዳራሹ ውስጥ አገኘናቸው፤ አርጅተዋል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ማን እንደሆኑ፣ ስልኩ እንዴት እንደተደወለ ነግረው ይቅርታ ጠየቋቸው።

ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ያኔ ፈርተው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ሰው ነዎት» አሉ። «እዚህ በር ላይ አይተውኝ ሲመለሱ እኔም አይቼዎት ነበር፤ ያን ቀንስ ማን ደውሎልዎት ነው?»

አባዬ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።